ጽሑፉ የጸሐፊው፣ ፊርማው የዋሽንግተን፦ ስለ ላፋዬት የድጋፍ ደብዳቤ ለቀረበ ጥያቄ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ቨርጂንያ የሚኖር አንድ ወንድማችን እስቴት ሴል (የአንድ ቤት ዕቃ ጠቅላላ ሽያጭ) ላይ ፍሬም ውስጥ የገባ አሮጌ ደብዳቤ ገዛ። ቀኑ ዲሴምበር 28 ቀን 1778፣ ቦታው ፊላደልፊያ ይላል። የተጻፈው የአሜሪካ መልእክተኛ ሆኖ ፓሪስ ለነበረው ለቤንጃሚን ፍራንክሊን ነው። ማርኪ ደ ላፋዬት የሚባል ወጣት ፈረንሳዊ መኮንን ያመሰግናል። ከታች የጆርጅ ዋሽንግተን ፊርማ አለ። ጥያቄውን እንዲህ አቀረበው፦ «የጽሑፉ እጅና የፊርማው እጅ በፍጹም አይመሳሰሉም። ፎርጅድ ገዛሁ ማለት ነው? ወረቀቱ ግን በጣም ንጹሕ ነው፤ አንድ እጥፋት እንኳ የለውም፣ ጀርባውም ባዶ ነው። ደግሞስ ጄኔራሉ ለአንድ የ21 ዓመት የውጭ አገር ልጅ ይህን ያህል ለምን ተጨነቀ?»

ወንድሜ፣ የአሮጌ ወረቀት ጥበቃ ሥራዬ ስለሆነ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። የምጠቅሳቸው ቀኖች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። መልሴ ረዘም ይላል፣ ታገሰኝ።

ከፈራኸው ነገር ልጀምር። የሁለቱ እጅ መለያየት አያስፈራህ። አሜሪካ ከእንግሊዝ ነጻ ለመውጣት በተዋጋችበት ጦርነት ዘመን ከዋሽንግተን ሰፈር የወጡት ደብዳቤዎች አብዛኞቹ እንደዚያ ናቸው። ሰውየው ጦር ይመራል፣ ከኮንግረስ ጋር ይጻጻፋል፣ ከየግዛቱ ገዢዎች ጋር ይከራከራል፣ ጫማና ዱቄት ይለምናል። ይህን ሁሉ በገዛ እጁ ሊጽፍ አይችልም። ስለዚህ ረዳት መኮንኖች ነበሩት፤ በጦርነቱ ዓመታት እየተፈራረቁ ያገለገሉት ከ30 በላይ ናቸው። አሌክሳንደር ሃሚልተን ከእነሱ አንዱ ነው፣ በማርች 1777 ነው የገባው። ቴንች ቲልማን፣ ሮበርት ሃንሰን ሃሪሰን፣ ጆን ሎረንስም እዚያው ነበሩ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጄኔራሉ ሐሳቡን ይናገራል። ረዳቱ ያረቃል። ጄኔራሉ አንብቦ ያርማል፣ የማይፈልገውን ቃል ይሰርዛል። ከዚያ ንጹሑ ቅጂ ይጻፋል፤ ይህን የሚጽፈው አንዳንዴ ሌላ ሰው ነው። ጄኔራሉ ይፈርማል፣ ደብዳቤው ይሄዳል፣ ረቂቁ መዝገብ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ጽሑፉ የረዳቱ፣ ፊርማው የዋሽንግተን መሆኑ ወጉ ነው። በእኛም አገር የአጼ ምኒልክን ደብዳቤ የሚጽፈው ጸሐፊ ነበር፣ የንጉሡ መሆኑን የሚያረጋግጠው ማኅተሙ ነው። ማንም ተነሥቶ «ይህ የምኒልክ እጅ ጽሑፍ አይደለም፣ ስለዚህ ውሸት ነው» አይልም።

እንዲያውም ነገሩ ተቃራኒ የሚሆንበት ጊዜ አለ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፊላደልፊያ ውስጥ ሮበርት ስፕሪንግ የሚባል ከእንግሊዝ የመጣ ሰው ነበር። የዋሽንግተንን እጅ እያስመሰለ ይጽፍ ነበር፤ ወረቀቱን ከድሮ መጻሕፍት ባዶ ገጽ ላይ ይቆርጣል፣ ያረጀ እንዲመስል ቀለም ይነክረዋል፣ ከዚያ ለሰብሳቢዎች ይሸጣል። በ1876 ሞተ፣ ሥራው ግን ዛሬም በየቦታው ብቅ ይላል። እሱ የሚጽፈው ከላይ እስከ ታች በዋሽንግተን እጅ ነው፣ ምክንያቱም ገዢው የሚፈልገው የታላቁን ሰው እጅ ነው። አጭር ወረቀት ይመርጥ ነበር፤ የይለፍ ወረቀት፣ የክፍያ ማዘዣ፣ እንዲህ ያለ። ያንተ ረጅም ነው፣ ሁለት እጅ አለበት። የስፕሪንግ ዓይነት አይደለም።

አሁን ወደ ሦስተኛው ጥያቄህ ልዝለል፣ ምክንያቱም ሌላውን የሚፈታው እሱ ነው።

ዋሽንግተን የውጭ መኮንኖችን የድጋፍ ደብዳቤ አይወድም ነበር። ምክንያት ነበረው። ፓሪስ የነበረው የኮንግረስ ወኪል ሳይላስ ዲን በ1776 እና በ1777 ለመጣው ፈረንሳዊ ሁሉ ማዕረግ ቃል ይገባ ነበር። ሰዎቹ ባሕር ተሻግረው ይመጣሉ፣ ወረቀታቸውን ያወጣሉ፣ «ሜጀር ጄኔራል ነኝ፣ ጦሬን ስጡኝ» ይላሉ። ዱ ኩድሬ የሚባለው የመድፍ መኮንን የአሜሪካ መድፈኛ አዛዥ ልሁን ብሎ ሲመጣ ኖክስ፣ ግሪንና ሱሊቫን የተባሉት ጄኔራሎች «እሱ ከእኛ በላይ ከሆነ እኛ እንለቃለን» ብለው ለኮንግረስ ጻፉ። ሁለት ዓመት ሙሉ በብርድና በረሃብ የተዋጋን ሰው ከመርከብ የወረደ እንግዳ ሲቀድመው ምን እንደሚሰማው አስበው። ፍራንክሊንም ፓሪስ ላይ በር በሩን የሚያንኳኳው ስለበዛበት፣ ለማያውቁት ሰው የሚሆን የድጋፍ ደብዳቤ ናሙና እስከ መጻፍ ደርሶ ነበር። «ይህን የያዘውን ሰው አላውቀውም፣ ስሙን እንኳ አላውቅም» የሚል ዓይነት።

ላፋዬትም የመጣው በዚሁ በዲን ወረቀት ነው። በገዛ ገንዘቡ መርከብ ገዛ፣ ከፈረንሳይ ንጉሥ ትእዛዝ ውጭ ከስፔን ወደብ ተነሣ፣ በጁን 1777 ደቡብ ካሮላይና ደረሰ። ገና 19 ዓመቱ ነው። ፊላደልፊያ ሲገባ ኮንግረሱ ፊቱን አጠቆረበት። እሱ ግን ሁለት ነገር ብቻ ጠየቀ፦ በራሴ ወጪ ላገልግል፣ መጀመሪያም እንደ ተራ በጎ ፈቃደኛ ልቁጠር። ደሞዝ የማይጠይቅ የውጭ መኮንን አይተው አያውቁም። ጁላይ 31 ቀን የሜጀር ጄኔራልነት ማዕረግ ሰጡት፣ ግን የሚያዝዘው ጦር አልነበረውም።

ከዚያ የብራንዲዋይን ውጊያ መጣ። ሴፕቴምበር 11 ቀን 1777፣ 20 ዓመት ከሞላው አምስት ቀን ነው። የሚሸሸውን ወታደር ለማቆም ከፈረስ ወርዶ ሲጮህ እግሩን በጥይት ተመታ። ኖቬምበር ላይ ዋሽንግተን ለኮንግረስ ስለሱ ጻፈ። ልጁ አስተዋይ ነው፣ ጠባዩ የተቆጠበ ነው፣ ቋንቋችንን በደንብ እየተማረ ነው፣ በብራንዲዋይን እንዳየነው ደፋር ነው ይላል። ዲሴምበር 1 ቀን ክፍለ ጦር እንዲሰጠው ተፈቀደ።

እዚህ ላይ አንድ ደብዳቤ ልጨምርልህ። በጁላይ 1778፣ ካንተ ደብዳቤ አምስት ወር ቀደም ብሎ፣ ዋሽንግተን ለኮንግረስ አባሉ ለጉቨርነር ሞሪስ (ጉቨርነር ስሙ ነው፣ ሹመት አይደለም) ሲጽፍ ከማርኪ ደ ላፋዬት በቀር አንድም የውጭ ሰው በመካከላችን ባይኖር ከልቤ በወደድሁ፣ እሱ የሚመራበት ሐሳብ ከሌሎቹ ይለያል ብሏል። ይህን ያለ ሰው ነው እንግዲህ ለፍራንክሊን የድጋፍ ደብዳቤ የጻፈው። እኔ ይህን ደብዳቤ ከብዙዎቹ የማስበልጠው ለዚህ ነው። ድጋፍ የሚበትን ሰው አልነበረም፣ ስለዚህ ሲደግፍ ቃሉ ይከብዳል።

ደብዳቤውን ቀስ ብለህ አንብበው። ባዶ ውዳሴ የለበትም ማለት ይቻላል። «ጎበዝ ነው፣ ትጉህ ነው» ብሎ አይሄድም። ሥራ በሥራ ይቆጥራል፣ እያንዳንዱን ሄደህ ልታጣራ ትችላለህ። ብራንዲዋይን ላይ ለጀግንነት የከፈለው ግብር ይላል፤ ቁስሉን ማለቱ ነው። ቁስሉ ሳይሽር ኒው ጀርሲ ላይ ሚሊሺያ ይዞ የተመረጡ የእንግሊዝ እግረኞችን መግጠሙን ያነሣል፤ ይህ በኖቬምበር 25 ቀን 1777 ግሎስተር አጠገብ የሆነው ነው። የጠላት ጦር ሁሉ ተባብሮ ሊከበው ሲል ያደረገውን ድንቅ ማፈግፈግም ይጠቅሳል።

ይህ የመጨረሻው ባረን ሂል ነው፣ ሜይ 20 ቀን 1778። ላፋዬት 2,200 ያህል ሰው ይዞ ከፊላደልፊያ ወጣ ብሎ ነበር። እንግሊዞች በሌሊት ተነሥተው በብዙ እጥፍ ኃይል ሊከብቡት መጡ። በአንድ ወገን የስኩልኪል ወንዝ አለ። እሱ ጥቂት ሰዎችን እያሳየ እንግሊዞችን አዘናጋ፣ ዋናውን ጦር እነሱ ባላዩት ዝቅተኛ መንገድ ወደ መሻገሪያው አወረደ። ከሰዎቹ ጋር ኦናይዳ ከሚባለው የአሜሪካ ነባር ሕዝብ የመጡ 50 ያህል ተዋጊዎችም ነበሩ። ጦሩ ወንዙን ተሻግሮ ወጣ። ለ20 ዓመት ልጅ፣ ያውም በቅርቡ በተማረው ቋንቋ ትእዛዝ እየሰጠ፣ ይህ ቀላል አይደለም። ማጥቃት ለወጣት አይከብድም። ጦር ሳይበተን ማውጣት ነው ከባዱ፣ ዋሽንግተንም ይህን ከማንም በላይ ያውቀው ነበር፤ በ1776 ከኒው ዮርክ ጀምሮ ያፈገፈገው እሱ ነው። «ድንቅ ማፈግፈግ» የሚለውን ቃል ሳነብ ሁሌ የሚሰማኝ ይህ ነው።

ከዚያ የሮድ አይላንድን ዘመቻ ያነሣል። ይህ ሁሉ ለአሜሪካ ተወዳጅ አድርጎታል፣ በንጉሡም፣ ማለትም በፈረንሳዩ ንጉሥ፣ ፊት ሊያስመሰግነው ይገባል ይላል። መጨረሻ ላይ ደግሞ ድምፁ ይለወጣል። ይህን የምጨምረው የራሴን ስሜት ለመግለጥ ያህል ነው፣ ለእሱ የተለየ ወዳጅነት አለኝ፣ የምታደርግለት ሁሉ ለእኔ እንደተደረገ ይቆጠራል ይላል። ከዋሽንግተን ብዕር እንዲህ ያለ ነገር በቀላሉ አይወጣም።

«በንጉሡ ፊት» የሚለው ደግሞ ለወጉ ያህል የተጻፈ አይደለም። ልጁ ከንጉሡ ፈቃድ ውጭ ነው የሄደው፣ ሲመለስ ምን እንደሚጠብቀው አይታወቅም። እውነትም ፌብሩዋሪ 1779 ሲመለስ ለጥቂት ቀን ከቤት እንዳይወጣ ተደረገ፤ ቅጣቱ ቀላል ነበር፣ ቅጣት ግን ነው። ስለዚህ ደብዳቤው ቁም ነገር ነበረው።

እና ደብዳቤው አልደረሰለትም።

አዎ፣ መርከቡ አመለጠው። ዋሽንግተን በማግሥቱ፣ ዲሴምበር 29 ቀን፣ ለላፋዬት ለራሱ አጭር ደብዳቤ ጻፈ። ካናዳ ላይ ታስቦ የነበረው ዘመቻ መቅረቱን ነገረው፣ ለፍራንክሊን የጻፈውንም አብሮ አደረገለት። ጥቅሉ በመልእክተኛ ወደ ቦስተን ሄደ። ላፋዬት ቦስተን ላይ ቆሞ የኮንግረስን መልስ ሲጠብቅ ቆየ፣ በመጨረሻ ተስፋ ቆረጠና ጃኑዋሪ 11 ቀን 1779 አላያንስ በምትባለው መርከብ ሄደ። ማርች 8 ቀን ዋሽንግተን ሲጽፍለት ከፊላደልፊያ የላክሁልህ ደብዳቤ ከነአባሪዎቹ ሳይደርስህ መሄድህ እጅግ አሳዝኖኛል አለው። አንድ ጄኔራል ለሚወደው ልጅ ከልቡ የጻፈው ወረቀት በክረምት መንገድ ላይ ዘግይቶ ቀረ። ይህን ታሪክ ባነበብሁ ቁጥር ያሳዝነኛል።

አሁን ያንተን ወረቀት ከዚህ ጉዞ ጋር አስተያየው። «አንድ እጥፋት እንኳ የለውም፣ ጀርባውም ባዶ ነው» ብለህ በጥሩ ጎኑ ነበር ያነሣኸው። ይቅርታ አድርግልኝና እኔን ያሳሰበኝ እሱ ነው።

በዚያ ዘመን ዛሬ የምናውቀው ዓይነት ፖስታ አልነበረም። ደብዳቤው ራሱ ይታጠፋል፣ አንዱ ጠርዝ በሌላው ውስጥ ይገባል፣ በሰም ይታተማል፣ የተቀባዩ ስም በውጭ በኩል ይጻፋል ወይም በሌላ ወረቀት ይጠቀለላል። ተቀባዩ ሲከፍተው ሰሙ ወረቀቱን ትንሽ ይቀድደዋል። ከዚያ ጀርባው ላይ «ከጄኔራል ዋሽንግተን» ብሎ ቀኑን ጽፎ ያስቀምጠዋል። እጥፋት፣ የሰም ምልክት፣ የጀርባ ጽሑፍ። ከፊላደልፊያ ቦስተን በፈረስ የሄደ ወረቀት ከእነዚህ ቢያንስ አንዱ ይኖረዋል። ወደ ቦስተን ያልሄደ የመዝገብ ረቂቅ ነው እንዳንል ደግሞ ያንተ ፊርማ አለበት፤ መዝገብ ላይ የሚቀረው ረቂቅ በአብዛኛው አይፈረምም፣ ስርዝ ድልዝም አያጣውም።

ሁለተኛ የተፈረመ ቅጂ ቢሆንስ ትለኝ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ባሕር የሚሻገር ደብዳቤ በሁለትና በሦስት ቅጂ በተለያየ መርከብ ይላክ ነበር፣ ምክንያቱም የእንግሊዝ መርከብ ይይዘዋል። በ1780 ወደ ሆላንድ የተላከው የአሜሪካ መልእክተኛ ሄንሪ ሎረንስ ባሕር ላይ ሲያዝ ወረቀቶቹን ባሕር ላይ ጥሏቸው እንግሊዞች አውጥተው አንብበዋቸዋል። ግን ያም ቅጂ ቢሆን መታጠፉ አይቀርም። ጠፍጣፋ ሆኖ ባሕር የተሻገረ ደብዳቤ እኔ አላየሁም።

ስለዚህ ግምቴን በግልጽ ልንገርህ፦ በእጅህ ያለው በማተሚያ የተባዛ ቅጂ ይመስለኛል። ሊያታልልህ የተሠራ ላይሆንም ይችላል። አሜሪካ 100ኛ ዓመቷን በ1876፣ ዋሽንግተን የተወለደበትን 200ኛ ዓመት ደግሞ በ1932 በትልቅ ሁኔታ አክብራለች። በእነዚያ ጊዜያት የታሪክ ሰነዶች ቅጂ ለማስታወሻ እየታተመ ተሸጧል፣ ሰውም በፍሬም አድርጎ ሳሎኑ ሰቅሏል። ከሦስት ትውልድ በኋላ የልጅ ልጆች ምን እንደሆነ አያውቁም፣ ቤቱ ሲሸጥ አብሮ ይወጣል።

በእኔ ግምት ብቻ አትመራ፣ ራስህ ልታየው ትችላለህ። አሥር እጥፍ የሚያጎላ አጉሊ መነጽር ግዛ፣ ርካሽ ነው። አንድ ፊደል ላይ አተኩር። በብዕር የተጻፈ ቀለም ወረቀቱ ውስጥ ይገባል፣ ብዕሩ ቀለም ሲጠቅስ ይደምቃል፣ ሲያልቅበት ይገረጣል፣ እንደገና ይደምቃል። የታተመ ከሆነ ከላይ እስከ ታች እኩል ነው፣ ወይም ደግሞ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ተደርድረው ታያለህ። ነጠብጣብ ካየህ ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ። የዘመኑ ቀለም ከብረት ጨውና ዛፍ ላይ ከሚበቅል እባጭ የሚሠራ ነው፤ ሲያረጅ ቡናማ ይሆናል፣ ወረቀቱን ይበላል፣ በጀርባ በኩል ጥላው ይታያል። ያንተ ጀርባ ፍጹም ባዶ ከሆነ ይህም አንድ ምልክት ነው።

ወረቀቱንም ወደ መስኮት ብርሃን አንሣው። የዚያ ዘመን ወረቀት በሽቦ ወንፊት ላይ የሚሠራ ስለሆነ የተጠጋጉ ቀጫጭን መስመሮችና እነሱን የሚያቋርጡ ራቅ ራቅ ያሉ መስመሮች ይታዩበታል። ብዙ ጊዜ የውኃ ምልክትም አለው። እኩል ደመና የመሰለ ወረቀት ከሆነ፣ ወይም እንደ ብራና የሚንኮሻኮሽ ቢጫ ነገር ከሆነ፣ የኋላ ዘመን ነው። በጥቁር መብራት (በአልትራቫዮሌት) ስር ሰማያዊ ሆኖ ቢያበራ ደግሞ ከ1950 ገደማ ወዲህ የተሠራ ነው ማለት ነው።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅህ። ወረቀቱ እኔ ከገመትኩት በተቃራኒ እውነተኛ ሆኖ ከተገኘ፣ ለመሸጥ አትቸኩል። በ1780 ሃሚልተን ለላፋዬት የጻፈው አንድ ደብዳቤ ከማሳቹሴትስ ግዛት መዝገብ ቤት ተሰርቆ ነበር። በ2018 እዚያው እናንተ ጋ፣ አሌክሳንድሪያ ቨርጂንያ፣ ለጨረታ ሊቀርብ ሲል ተገኘ። ያመጡት ሰዎች ከዘመዳቸው የወረሱት ነው። ቢሆንም በ2021 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ የማሳቹሴትስ ንብረት ነው ብሎ ወሰነ። በቅን ልቦና መግዛት ወይም መውረስ ብቻውን አያድንም። የገዛህበትን ደረሰኝ፣ የሻጮቹን መልእክት፣ የፍሬሙን የጀርባ ወረቀት ሁሉ ጠብቅ። የፍሬም ሠሪው ስምና አድራሻ የተለጠፈበት ካለ እንዳትልጠው፤ ዘመኑን ከሁሉ በፊት የሚነግረን እሱ ሊሆን ይችላል።

የእውነተኛው ደብዳቤ ቃል ምን እንደሆነ ለማመሳከር አትቸገርም። ዋሽንግተን ለወረቀቱ የሚጠነቀቅ ሰው ነበር፤ ከ1781 ጀምሮ ሪቻርድ ቫሪክ የሚባል መኮንን ከጸሐፊዎች ጋር አስቀምጦ የጦርነቱን ደብዳቤዎች በ44 ጥራዝ አስገልብጧል። ዛሬ በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ያለው የእሱ ስብስብ 77,000 ያህል ነው፣ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይታያል። ቀኑን ብቻ ፈልግ፣ ቃል በቃል አመሳክር።

እስከዚያው ፀሐይ ከሚያገኘው ግድግዳ አውርደው። ላሚኔት አታድርገው፣ ፕላስተር አትለጥፍበት፣ ወረቀቱ ከመስታወቱ ጋር ተጣብቆ ከሆነ አትጎትተው። እጅህን ታጠብና አድርቅ፣ ጓንት አያስፈልግም። ክፍሉን አጨልመህ መብራት በጎን በኩል ዝቅ አድርገህ ያዝና ፊቱንና ጀርባውን ፎቶ አንሣ፤ ተጫጭኖ የጠፋ እጥፋት ካለ በዚያ ብርሃን ጥላ ይሠራል። ፊርማውንና «ብራንዲዋይን» የሚለውን ቃል ደግሞ በአጉሊ መነጽሩ በኩል ለየብቻ አንሥተህ ላክልኝ።